ዝምታችን እዝነት ነውን?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በየቤታችን ጮክ ተብሎ የማይወራ ነው። የጡት ካንሰር የያዛት ወጣት ሴት፣ ሕክምናው መውለዷን ሊነካባት እንደሚችል ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ልትሰማ ይገባታል ወይስ አይገባትም? ጥያቄው ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም። በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ተጠይቄው፣ ሳላስብ በስህተት የመለስኩት ነው። የስህተቱን ዋጋ የከፈልኩት ግን እኔ አይደለሁም፤ እህቴ ናት። ይህንንም የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንድ ዓመት የምታንሰኝ እህት አለችኝ። አባታችን የሞተው እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ነበር። እሷ ወደ ጂዳ ሄደች። በሰው ቤት ሠርታ በምትልከው ገንዘብ እናታችን ቤቷን አቆመች፤ እኔም ተምሬ ተመረቅኩ። ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ ብዕር ለመያዜ ከአላህ ቀጥሎ ሰበቧ እሷ ናት። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሳ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። አንድ ደግ ሰውም ሽማግሌ ላከባት። ኒካሑ ሊታሰር ሦስት ወር ሲቀረው በግራ ጡቷ ላይ ጠጠር ያለ እብጠት አገኘች። ያኔ ዕድሜዋ ሠላሳ ሦስት ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገላትና ኬሞቴራፒ የምትጀምርበት ቀን ተቆረጠ። በዋዜማው ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ ጠራኝ። «ታላቅ ወንድሟ ነህ?» አለኝ። «አዎን» አልኩት። «አላገባችም አይደል? መድኃኒቱ መውለዷን ሊነካው ይችላል። ይህን ላንሳባት ወይስ…» ንግግሩን አልጨረሰውም። ከኋላው ኮሪደሩን የሞላ ሕመምተኛ ተራ ይጠብቅ ነበር። እኔም «ዶክተር፣ እባክዎ አይንገሯት። ነፍሷ ትትረፍ እንጂ ልጅ አላህ ይሰጣል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ እፎይታ ያየሁ መሰለኝ። እኔም ቀለለኝ። ነገሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

እህቴ መድኃኒቱን ሁሉ ወስዳ ጨረሰች። ፀጉሯ ረገፈ፣ ጥፍሯ ጠቆረ፣ አልሐምዱሊላህ ግን ተርፋ ቆመች። እጮኛዋም ጠበቃት። በዓመቱ ኒካሑ ሲታሰር ወሊይ ሆኜ የተቀመጥኩትና የመዳሪያውን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሙሽራው የማያውቀውን እኔ አውቅ ነበር። ሙሽራይቱም የማታውቀውን እኔ አውቅ ነበር። እጄ በእጁ ላይ እንዳለ ያ የኮሪደሩ ንግግር ትዝ አለኝ። «አላህ ያስተካክለዋል» ብዬ አለፍኩት።

የወር አበባዋ ግን አልተመለሰም። የድካም ነው እያለች ቆየች። በኋላ አንዲት የማሕፀን ሐኪም መርምራት፣ ዕንቁላል የሚያመነጨው ክፍል ሥራውን ማቆሙን ነገረቻት፤ አያይዛም «ከሕክምናው በፊት አልተነገረሽም እንዴ?» አለቻት። በዚያው ዕለት ከመግሪብ በኋላ ቤቴ መጣች። ሻይ አልጠጣም አለች። «ታውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎን አልኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ የተናገረችውን እንዳለ ላስቀምጠው። «ምናልባት እኔም ነፍሴ ትትረፍ እል ነበር። ምናልባት ገንዘቡም አይገኝም ነበር። ግን ወንድሜ፣ የተጠየቅከው ስለ እኔ እኮ ነው። እኔ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ።»

ከዚያች ምሽት ወዲህ ይህ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣም። ስለ ጉዳዩ ሐኪሞችን ጠየቅሁ፣ ዓሊሞችንም ጠየቅሁ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ጥያቄው ግን ያው አንድ ነው፤ ዝም ያልኩት አዝኜላት ነበር ወይስ ለራሴ አዝኜ?

ሕክምናው የሚለው

ነገሩ በግምት እንዳይታይ ሕክምናው የሚለውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ሴት ልጅ የዕድሜዋን ሙሉ የዕንቁላል ስንቅ ይዛ ነው የምትወለደው። ቁጥሩም ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ይገመታል። ለአካለ መጠን ስትደርስ ከ300 ሺህ እስከ 400 ሺህ ያህሉ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም። ኬሞቴራፒ፣ በተለይም ለጡት ካንሰር በብዛት የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው መድኃኒት፣ ከካንሰሩ ጋር ይህንንም ስንቅ ይጎዳል። ጉዳቱ እንደ መድኃኒቱ መጠንና እንደ ሴትዮዋ ዕድሜ ይለያያል። ገና በሃያዎቹ ያለች ሴት የወር አበባዋ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ አርባ ለተጠጋች ግን ይጠብባታል። ደግሞም የወር አበባ ተመለሰ ማለት ስንቁ እንደ ድሮው ሙሉ ነው ማለት አይደለም።

ሌላም አለ። ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ሕመምተኛዋ ታሞክሲፈን የሚባለውን ክኒን ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ትወስዳለች። መድኃኒቱ ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል በዚህ ጊዜ ማርገዝ የለባትም። መድኃኒቱ ባይነካት እንኳ ዓመታቱ ራሳቸው የሚወስዱባት ነገር አለ።

ይህ በሌላ አገር ያለ የሀብታሞች ጭንቀት እንዳይመስለን። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ16 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚዎች እንደነበሩ ገምቷል። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በአዲስ አበባ የታከሙ 1,070 የጡት ካንሰር ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ 43 ዓመትና ከዚያ በታች ነበሩ። ይህ የሆነው በከፊል ሕዝባችን ወጣት ስለሆነ ነው። ስለዚህ በተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ከተቀመጡት መካከል ገና ያላገባች፣ አግብታም ገና ያልወለደች እህት አትጠፋም።

ታዲያ ምን ማድረግ ይቻላል? ኬሞው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል መድኃኒት እየተሰጣት ዕንቁላል እንዲጎመራ ከተደረገ በኋላ ይወሰዳል፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥም ይቀመጣል። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ይህ ዘዴ ከእንግዲህ የሙከራ ሥራ እንዳልሆነ አስታውቋል። በሆርሞን ለሚያድግ ካንሰርም ቢሆን ሆርሞኑን ዝቅ አድርጎ የሚይዝ ሌትሮዞል የተባለ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል። ዕንቁላሉ በተለመደው መንገድ ሲወሰድ የድንግልና ጥያቄ የሚያሳስባቸው ቤተሰቦች አሉ። በሆድ በኩል የሚወሰድበትም መንገድ እንዳለ ሊያውቁ ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ ዕንቁላል ከሚያመነጨው ክፍል ቁራጭ ወስዶ አቀዝቅዞ ማቆየትና ከበሽታው በኋላ ለራሷ መመለስ ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2004 በቤልጂየም ተወልዷል። በሌላ በሽታ ምክንያት በዘጠኝ ዓመቷ ይህ የተደረገላት የዱባይ ተወላጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ውስጥ ወልዳለች።

ሦስተኛው ቀለል ያለ ነው። ጎሰረሊን የሚባል መርፌ በየአራት ሳምንቱ በሆድ ቆዳ ሥር እየተሰጠ፣ በኬሞው ጊዜ ዕንቁላል አመንጪውን ክፍል ያሳርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት፣ ካንሰራቸው በሆርሞን የማያድግ ሴቶች ከኬሞው ጋር መርፌውን ሲወስዱ ይህ ክፍል ሥራ ያቆመባቸው ከመቶ 8 ነበሩ። ኬሞውን ብቻ ከወሰዱት ግን ከመቶ 22 ነበሩ። የእህቴም ካንሰር በሆርሞን የማያድገው ዓይነት ነበር። መርፌው ይገኝ ነበር ወይ? ዋጋውንስ እንችለው ነበር ወይ? ያኔ አልጠየቅሁም። የሚጠየቅ ነገር እንዳለ እንኳ ማንም እንዳይነግራት ያደረግሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ታሞክሲፈን ለሚወስዱትም ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት፣ ከ500 በላይ ወጣት ሴቶች ክኒኑን ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ከወሰዱ በኋላ፣ ለማርገዝ ሲሉ በሐኪም ክትትል ለጊዜው እንዲያቆሙ አድርጎ ተከታትሏቸዋል። ከመቶ 64 ያህሉ ወለዱ። በሦስት ዓመት ውስጥም በሽታው ካላቋረጡት ይልቅ በብዛት አልተመለሰባቸውም። የረጅም ጊዜው ክትትል ገና አልተጠናቀቀም። ቢሆንም «አንቺማ ከእንግዲህ አይታሰብም» የሚለው የድሮ ንግግር ልክ እንዳልነበር አሳይቷል።

ዝም የሚያሰኙ ሦስት ምክንያቶች

ዝምታን የሚደግፉ ሰዎች ምክንያት የላቸውም አልልም። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩና ምክንያቶቹን ከውስጥ አውቃቸዋለሁ።

የመጀመሪያው «ነፍስ ትቀድማለች» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ዓሊሞቻችን የሸሪዓን ዓላማዎች ሲቆጥሩ ነፍስን መጠበቅን ከዘር መጠበቅ ያስቀድማሉ። ሆኖም አንዱ ቀደመ ማለት ሌላው ተሰረዘ ማለት አይደለም። ሁለቱንም የቆጠሩልን እኮ ሁለቱም እንዲጠበቁ ነው። ደግሞ ማንም ሕክምናውን ወራት ታዘግየው አላለም። ጉዳዩ የቀናት ነው። በሽታው ያን ያህል እንኳ ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ ሐኪሙ ይህንኑ ይንገራት። «ጊዜ የለንም» የሚለውም ቃል ቢሆን መስማት ያለባት እሷ ናት።

ሁለተኛው ምክንያት «አቅም የሌላትን ሴት ስለማትገዛው ነገር ነግሮ ማሳዘን ግፍ ነው» የሚለው ነው። ይህኛው ከሁሉም ይከብደኛል፤ ምክንያቱም በአገራችን የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ራሱ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር፣ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ነገር ግን እናስብ። ሐጅ የመሄድ አቅም የሌለው ሰው ስለ ሐጅ አይማር እንላለን? ለድሃ ሰው ዕውቀት ራሱ ሀብት ነው። ዕንቁላል ማስቀመጥ የማትችል ሴት የመርፌውን ነገር ልትጠይቅ ትችላለች። መርፌውንም ባታገኝ ለሚያገባት ሰው እውነቱን ልትነግረው ትችላለች። ትዳሯን ለማፋጠን ወይም ለማዘግየት፣ ከሕክምናው በኋላ ሐኪም ዘንድ ቀድሞ ለመቅረብ፣ የቲም ለማሳደግ ለማሰብ ትችላለች። ሌላው ቢቀር፣ ነገሩ ሲደርስ እንደ ድንገተኛ ዱላ አይመታትም።

ስለ አቅም ስናወራም ራሳችንን እንታዘብ። ለእህቴ ሠርግ ድንኳን ተከራይተናል፣ በሬ አርደናል፣ ከጂዳ ያሉ ዘመዶች ሳይቀሩ አዋጥተዋል። ያ ገንዘብ ለምን ይበቃ እንደነበር አላውቅም፤ ለመዋጮ የሚሰበሰብ ዘመድ እንደነበረን ግን አይቻለሁ። «አቅም የላትም» ያልነው ሳንጠይቃት ነው። ዘመዶቻችንንም ሳንጠይቅ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ቀደር ነው። «ልጅ የሚሰጥ አላህ ነው፤ ዕንቁላል በናይትሮጅን ማስቀመጥ ምን የሚሉት ነገር ነው?» ይባላል። ልጅ የሚሰጠውም የሚከለክለውም አላህ (ሱ.ወ) መሆኑን የማያምን ሙስሊም የለም። ለአንዱ ሴት፣ ለአንዱ ወንድ፣ ለሌላው ሁለቱንም እንደሚሰጥ፣ የፈለገውንም መካን እንደሚያደርግ በቁርኣን ተነግሮናል። ይሁን እንጂ እህቴ ካንሰሩን ስትታከም «በሽታውም ቀደር ነው፤ ቢላዋና መርፌ ምን ያደርግልሻል?» ያላት አልነበረም። ለጡቷ ሰበብ ማድረስ ተወኩልን ካላፈረሰ ለማሕፀኗ ሰበብ ማድረስ እንዴት ያፈርሳል? ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አጥንታቸው ደክሞ ሳለ እንኳ ልጅ ከመለመን አላፈሩም። ልጅ መመኘት የኢማን ጉድለት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተነገረን ነበር።

ሸሪዓው የሚፈቅደውና የማይፈቅደው

አንዳንድ ቤተሰብ ዝም የሚለው ነገሩ ሁሉ ሐራም እየመሰለው ነው። እንግዲህ ዓሊሞች የተናገሩትን እንይ። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ጃድ አል-ሐቅ ዓሊ ጃድ አል-ሐቅ እ.ኤ.አ. በ1980 በሰጡት ፈትዋ፣ የባልና የሚስት ዘር ከማሕፀን ውጭ ተገናኝቶ ወደ ሚስቲቱ ማሕፀን መመለሱን ፈቅደዋል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 ዐማን ላይ ባደረገው ስብሰባ ሰባት መንገዶችን መርምሮ፣ ሦስተኛ ወገን የሚገባባቸውን አምስቱን ከልክሎ በባልና በሚስት መካከል ብቻ የሚደረጉትን ሁለቱን ሲያስፈልግ እንዲሠራባቸው ፈቅዷል። ይኸው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1990 ጂዳ ላይ፣ ያልተገናኘ ዕንቁላል ለወደፊት ጥቅም ሊቀመጥ መቻሉን መነሻ አድርጎ፣ በየጊዜው ከሚያስፈልገው በላይ ዕንቁላል ከዘር ጋር እንዳይገናኝ መክሯል። የግብፅ ዳር አል-ኢፍታእ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ዕንቁላል ማስቀመጥን በአራት ሸርጦች ፈቅዷል። እነሱም ኋላ ላይ የሚገናኘው ኒካሑ በጸና ትዳር ውስጥ ከባሏ ዘር ጋር ብቻ እንዲሆን፣ ከሌላ ሰው ጋር እንዳይቀላቀል በጥብቅ እንዲጠበቅ፣ በሌላ ሴት ማሕፀን ውስጥ እንዳይቀመጥ፣ በጽንሱም ላይ ጉዳት የማያመጣ እንዲሆን ነው።

ስለዚህ በሩ ገደብ አለው እንጂ ዝግ አይደለም። ያላገባች ሴት የማታውቀው ሰው ዘር ከዕንቁላሏ ጋር ይገናኝ ማለት አይደለም። ባል ከሞተ ወይም ፍቺ ከተፈጸመ በኋላም የተቀመጠውን መጠቀም አይፈቀድም። የሌላ ሴት ዕንቁላል አመንጪ ክፍል ወደ እሷ እንዳይዛወርም ክልከላ አለ። የራሷን ቁራጭ ለራሷ መመለስ ግን የተለየ ጥያቄ ነውና ዓሊም ይጠየቅበት። እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ለዓሊም የሚቀርበው ግን መጀመሪያ ባለጉዳይዋ ካወቀችው ነው። ያልሰማችውን ነገር እንዴት ብላ ፈትዋ ትጠይቅበታለች?

ወሊይነት እስከ የት ነው?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ሐኪሙ ለምን እኔን ጠየቀኝ? እኔስ ለምን መለስኩ? ሁለታችንም ወሊይ ስለሆንኩ የእሷ ነገር ሁሉ የኔ የመሰለን ይመስለኛል። ወሊይነት ግን በኒካሕ ላይ የተጣለብኝ አማና ነው እንጂ አካሏን የሚያወርሰኝ አይደለም። በኒካሕ እንኳ ፈቃዷ ይጠየቃል። ያው የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ሕክምና ባሳለፈው ውሳኔ፣ አዋቂና አእምሮው የተሟላ ሕመምተኛ ለሕክምናው የራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሏል። ምን ሊያጣ እንደሚችል ያልተነገረው ሰው ደግሞ ምኑን ፈቀደ ይባላል? የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበርም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ ሕክምናው መውለድን ሊያሰናክል እንደሚችል ሳይዘገይ ከሕመምተኛው ጋር ውይይት ይደረግ ነው ያለው። ከወንድሟ ጋር አላለም።

እኔ ዝም ስል ውሳኔውን ለአላህ የተውኩት መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የወሰንኩት እኔ ነኝ። ብትጠየቅ እሺም እምቢም ልትል ትችል ነበር። ዝም በማለቴ በእሷ ስም እምቢ አልኩ። ይህን ያደረግሁትም ስታለቅስ እንዳላይ ነው። እዝነት ያልኩት ነገር ከእሷ ይልቅ እኔን ከጭንቀት ያዳነ ነበር። እሷ ልቅሶው አልቀረላትም፤ ዘግይቶ፣ ምንም በማይደረግበት ሰዓት መጣባት።

አንድ ጥሩ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «መስማት የማትፈልግስ ሴት ብትኖር?» ሲል ጠየቀኝ። ትኖራለች። በዚያ ከባድ ሳምንት ስለ ካንሰሩ እንጂ ስለ ሌላ መስማት የማትችል ሴት አትጠፋም። ለሷም መልሱ ያው ነው፤ «ሕክምናው መውለድን ስለሚነካ ጉዳይ ልናወራ እንችላለን፤ ትፈልጊያለሽ?» ተብላ ትጠየቅ። አልፈልግም ካለች መብቷ ነው። አለመስማትን የመረጠችው እሷ ከሆነች ያ ምርጫ ይከበርላታል።

በሌላው ወገን ያለውንም አደጋ ልናገር። ይህ ምክር ወደ ጫና እንዳይለወጥ። አማት በአንድ በኩል፣ አክስት በሌላ በኩል ሆነው «ያለ ልጅ ምን ቤት አለ?» እያሉ የታመመችን ልጅ ዕንቁላል አስቀምጪ፣ ክኒኑን ተዪ ብለው ቢያስጨንቋት የኔን ስህተት ገልብጠው መድገማቸው ነው። የሴት ልጅ ክብር በማሕፀኗ ልክ የሚመዘን አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ልጅ አልወለዱም፤ የምእመናን ሁሉ እናት ግን ናቸው። ዲናችንን ከሳቸው የተማርነውን ያህል ከስንት ወላድ ተማርን? ስለዚህ «ልውለድ» የምትለዋም «ሕክምናዬን ብቻ» የምትለዋም እኩል ትከበር።

ለሚመለከታችሁ ሁሉ

ሐኪሞች ሆይ! ጊዜያችሁ ጠባብ፣ ሕመምተኛችሁ ብዙ እንደሆነ ዓይቻለሁ። ነገር ግን ያቺ ሁለት ደቂቃ ለወንድሟ ከምትሰጥ ለራሷ ትሰጥ። የማሕፀን ሐኪም ዘንድ የምታደርሳትን ወረቀት መጻፍ ብቻ እንኳ ብዙ ነው።

እህቶች ሆይ! የመጀመሪያው ኬሞ ከመሰጠቱ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ይህ መድኃኒት በእኔ ዕድሜ መውለዴን ምን ያህል ይነካዋል? ከመጀመሩ በፊት ስንት ቀን አለኝ? በዚህ ጊዜ ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል፣ የትስ ይገኛል? ከጨረስኩ በኋላ ስንት ጊዜ ልጠብቅ? መጠየቃችሁ ከአላህ ጸጋ ዓይናፋርነትን ማጣት አይደለም። ካፈራችሁም በወረቀት ጽፋችሁ አስነብቡ።

ወንድሞች ሆይ! ወደ ኮሪደሩ ስትጠሩ «ዶክተር፣ እሷ ውስጥ ናት፤ እሷን ይጠይቁልኝ» በሉ። ከዚያም ከጎኗ ተቀመጡ። ካለቀሰች አብራችሁ አልቅሱ፤ ገንዘብ ካስፈለገ ሩጡ። ወሊይነት ማለት ይህ ይመስለኛል።

ለእህቴ ባል ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። «ለእሷ ሳትነግራት ለኔ ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ የባሰ ነበር። ያኔ ሁለታችንም ደብቀናት እንኖር ነበር» አለኝ። ልጅ አልወለዱም። ትዳራቸው ግን ቆሟል፤ አልሐምዱሊላህ። እህቴንም አውፍ በይኝ ብያት አውፍ ብላኛለች። «ግን ጻፈው» አለችኝ፤ «የሌላዋ ወንድም ያንብበው።»

ጻፍኩት። አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን። በአማናችን ላይ ታማኞች ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።